ከድሬ ሆኖ ለኮሌጅ ድጋፍ ማመልከት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤት?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ድሬዳዋ ውስጥ የሚወራው አንድ ወሬ ነው። ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣውም፣ ሳቢያን ባጃጅ የሚጠብቀውም ስለ ስኮላርሺፕ ያወራል። "የእገሌ ልጅ 50 ሺህ ዶላር አገኘ" ይባላል። "ቱርክ ሁሉም ነገር በነጻ ነው አሉ" ይባላል። "አቦ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እያለ ምን ያደክማችኋል?" የሚል አባትም አይጠፋም።

ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። ግን መንገዶቹን የምናወዳድረው ስንት ይሰጣሉ እያልን ነው። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሁሉም ተቀናንሶ ከቤተሰቡ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው? የሚጠየቀውን ወረቀትስ ይህ ቤት ማምጣት ይችላል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ይረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው የሚቸገረው ግን እዚያ ላይ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

"ነጻ ነው" የሚለው አነጋገር ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ልክ አይደለም። ወጪ መጋራት አለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። አሁን ከኪስ የሚወጣ ነገር የለም። ውል ትፈርማላችሁ፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከወር ደመወዝ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል።

ከወረቀት አንጻር ይህን የሚያህል ቀላል መንገድ የለም። የአባታችሁን ገቢ የሚጠይቅ የለም። የቀፊራ ሽንኩርት ቸርቻሪ ልጅም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ልጅም አንድ ዓይነት ውል ነው የሚፈርሙት። (ፍትሐዊ ነው ወይ? ሌላ ቀን እንከራከርበታለን።)

ውሉን ግን ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ነው። ካፌ ነው (ግቢው ውስጥ የምትበሉ) ወይስ ነን ካፌ (ውጭ የምትበሉ) የምትሆኑት? ዶርም ትገባላችሁ ወይስ ከቤት ትመላለሳላችሁ? የተመደባችሁት ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ቤታችሁ ለገሃር ከሆነ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ያልተጠቀማችሁበት አገልግሎት በዕዳው ላይ እንዳይጻፍ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። የፈረማችሁትን ቅጂም በየዓመቱ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ቶሎ ማወቅ ጥሩ ነው። ስትመረቁ የምትቀበሉት ጊዜያዊውን ነው፣ ተማሪው "ቴምፖ" የሚለውን። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚለቀቀው የወጪ መጋራት ዕዳው ሲዘጋ ነው። ስለዚህ "እዚህ ተምሬ ማስተርሴን ውጭ እሠራለሁ" የሚል ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በዝግታ ሳይሆን ማመልከቻው ከመድረሱ በፊት ነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ በር ፈተናው ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ከፍ አለ ተብሎም አብዛኛው ተፈታኝ በቀጥታ አይገባም። ምደባውም እዚሁ ሐረማያ ሊሆን ይችላል፣ አገር አቋርጦ የሚያስኬድም ሊሆን ይችላል። ሩቅ ሲሆን የመጓጓዣውና የኪስ ገንዘቡ ቤተሰብ ላይ ነው። ያ ወጪ ውሉ ላይ አይታይም።

የግል ኮሌጅ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የሚከፈለው በክሬዲት ሰዓት ወይም በሴሚስተር ነው። እንደ ወጪ መጋራት ያለ "ዛሬ ተማር፣ ነገ ክፈል" የሚባል ነገር የለም። ጥቅሙ ከእናት ቤት እየበሉ መማር፣ ማታ እየተማሩ ቀን መሥራት ነው። አንዳንዱ ጥሩ ውጤት ላለው ቅናሽ ያደርጋል። ሳይጠየቅ ግን አይናገርም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው ለዚያ ትምህርት ክፍልና ለዚያ ካምፓስ ነው ወይ? አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ዕውቅና አለው ማለት የድሬው ወይም የሐረሩ አለው ማለት አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፣ ለግሉም ለመንግሥቱም። ኮሌጁ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ ጠይቁ። መልሱን ሲያድበሰብሱ ካያችሁ ያው መልስ ነው።

ቱርክ፣ ሃንጋሪ፣ ቻይና

ሦስቱን አንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው በአንድ ምክንያት ነው። ዋናው ጥያቄያቸው "ውጤትህ ስንት ነው?" እንጂ "ቤተሰብህ ስንት ያገኛል?" አይደለም። የገቢ ወረቀት ማምጣት ለማይችል ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ቱርኪዬ ቡርስላሪ፣ ከሦስቱ ሙሉ የሚባለው ነው። ትምህርት፣ ዶርም፣ የወር ኪስ ገንዘብ፣ የጤና መድን፣ የአንድ ዓመት ቋንቋ ትምህርት፣ የአውሮፕላን ቲኬትም ይሸፍናል። ማመልከቻው በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ ክፍት ነው፤ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን አለበት። ዝቅተኛው ውጤት 70 በመቶ ነው፣ ለሕክምና 90። የማመልከቻ ክፍያ የለውም። ክፍያ የጠየቃችሁ ሰው ካለ ለራሱ ነው የጠየቀው። ትምህርቱ በአብዛኛው በቱርክኛ መሆኑን ግን አስቡበት። የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ነው፤ አራት ዓመቱ አምስት ይሆናል።

የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ብዙ ትምህርቶች አሉት። ትምህርቱ ነጻ ነው። ዶርም ይሰጣል፤ ዶርም ለማይገባ ደግሞ 40,000 ፎሪንት ለኪራይ ይደጉማል። የወር ገንዘቡ ግን 43,700 ፎሪንት ብቻ ነው። ይህ ገንዘብ ቡዳፔስት ውስጥ አያኖርም። ቲኬቱንም አይከፍልም። ወንድም ወይም አክስት በየወሩ ጥቂት መጨመር ለሚችሉለት ልጅ ግሩም ነው። ማንም ለሌለው ልጅ ግን መጀመሪያ ቱርክን እንዲሞክር እመክራለሁ። የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በጥር መጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ነው።

የቻይና መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ በወር 2,500 ዩዋን ይሰጣል፣ ከዶርምና ከትምህርት ጋር። ዕድሜ ከ25 በታች ነው። እዚያም ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ቋንቋ ይቀድማል። ኢንጂነሪንግ ለሚፈልግ ልጅ መታየት ያለበት መንገድ ነው።

አሜሪካ፣ ከኮሌጁ በሚሰጥ ድጋፍ

ትልቁ ገንዘብ እዚህ ነው። ትልቁ ራስ ምታትም እዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ቅጽ ለዜጎችና እንደ ግሪን ካርድ ያለ ሕጋዊ መኖሪያ ላላቸው ነው። ከድሬ በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ልጅ አይሠራም። እሱ ድጋፍ የሚያገኘው ከራሱ ከኮሌጁ ካዝና ነው። ኮሌጆቹ ደግሞ ይለያያሉ።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም። ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ መክፈል ከሚችለው በላይ የጎደለውን ሁሉ ይሞላሉ። የሚቀበሉት ግን ከመቶ ጥቂቱን ነው። ሁለተኛው ዓይነት የጎደለውን ሁሉ ይሞላል፤ ለመቀበል ሲወስን ግን ስንት እንደምታስወጡት ያያል። ሦስተኛው ዓይነት የተወሰነ ቅናሽ ሰጥቶ ቀሪውን "እናንተ ፈልጉ" ይላል። "50 ሺህ ዶላር አገኘ" የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ለብቻው ነው። የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪው በካምፓስ ውስጥ ይሠራል፣ ለውጭ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት መኝታና ምግብም ይሸፍናል።

ኮሌጆቹ ስንት እንደሚሰጧችሁ ጽፈው የሚልኩትን ደብዳቤ እንዴት እንደምታወዳድሩ በምሳሌ ላሳይ። አንድ ኮሌጅ የዓመት ወጪው 80 ሺህ ዶላር ነው፣ 50 ሺህ ሰጣችሁ። ሌላው ወጪው 40 ሺህ ነው፣ 36 ሺህ ሰጣችሁ። ሰፈሩ የሚያጨበጭበው ለ50 ሺው ነው። እዚያ ግን በየዓመቱ ከራሳችሁ የምትከፍሉት 30 ሺህ ዶላር ይቀራል፣ በአራት ዓመት 120 ሺህ። ሁለተኛው ጋ የሚቀረው በዓመት 4 ሺህ፣ በአራት ዓመት 16 ሺህ ነው። የቀረውን ለመጀመሪያው ዓመት መክፈል እንደምትችሉ ካላሳያችሁ ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 አይሰጣችሁም። "ከሄድኩ በኋላ እየሠራሁ እሞላዋለሁ" የሚለውም አይሆንም። በተማሪ ቪዛ መሥራት የሚቻለው በካምፓስ ውስጥ ነው፣ በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት።

ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። ድጋፉ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ፣ በስንት ነጥብ? የጤና መድንና ቲኬት ውስጡ አለ ወይ? ከተጻፈው ውስጥ ብድር የሆነው የቱ ነው? ከዚህ ውጭ የቪዛ ማመልከቻው 185፣ ሲቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪ ምዝገባ ክፍያ 350 ዶላር ነው። እነዚህን ኮሌጁ ሁልጊዜ አይከፍልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብዙ ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል የቤተሰብ ገቢና ወጪ ቅጽ ያስሞላሉ። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። ከዚህ አገር ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ለኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ ኢሜይል ጻፉ። "ከኢትዮጵያ ነው የማመለክተው፣ ክፍያው ሊነሳልኝ ይችላል ወይ? ካልሆነ ሌላ ቅጽ አላችሁ?" በሉ። የሚያነሱ አሉ፣ የራሳቸውን ነጻ ቅጽ የሚልኩም አሉ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ደመወዝተኛ ቤት ይቀለዋል። ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሠራ አባት ጥቅል ደመወዙን፣ አበሉንና የተቆረጠውን ግብር የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያመጣል፣ አለቀ። ታይዋን ገበያ ሱቅ ያላት እናት ደግሞ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት አላት። ሐረር ሸዋ በር ጉልት የምትቸረችር እናትስ? ለእሷ የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ ይወጣል። ከእሱ ጋር ቤተሰቡ ፈርሞ የሚያስገባው ግልጽ መግለጫ ይያያዛል፦ ምን ትሸጣለች፣ በሳምንት ስንት ታተርፋለች፣ በየትኛው ወር ሥራ ይቀዘቅዛል። ባጃጅ የሚነዳ አባትም እንዲሁ፤ የቀን ገቢው፣ ለባለቤቱ የሚያስገባው፣ ነዳጁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ መተርጎም አለበት።

"ድሃ ነን" ለማለት ዜሮ ገቢ መጻፍ ግን ወጥመድ ነው። ሌላ ገጽ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የታናናሾች ትምህርት ቤት ክፍያ ትሞላላችሁ። ገቢ ዜሮ፣ ወጪ በወር 15 ሺህ ብር ሲሆን ቢሮው "ታዲያ በምን ኖራችሁ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ልክም ነው። አጎት ከጅዳ ይልካል? ወንድም ከጅቡቲ? ይጻፍ። የሐዋላ ደረሰኙ ይያዝ። ዘመድ የሚልከውን መጻፍ ድጋፉን ያስቀረዋል ብሎ የሚፈራ አለ። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የሚጎዳው ገቢና ወጪ የማይገጥምበት ቅጽ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ያምታታል። ለ2026 መከር መግቢያ የሚታየው የ2024 ገቢ ነው፣ በፈረንጆቹ። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። ስለዚህ የእነሱ 2024 ከእኛ የ2016 በጀት ዓመት ሁለተኛ ግማሽና ከ2017 የመጀመሪያ ግማሽ የተሠራ ነው። ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ወስዳችሁ ደምሩ፣ እንዴት እንዳሰላችሁት አንድ መስመር ጻፉ። ምንዛሪውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ከ120 አልፏል። ያው ደመወዝ በዶላር ሲታይ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ሲኤስኤስ ላይ በብር መሙላት ይቻላል። ብርን ከመረጣችሁ ሁሉንም በብር ሙሉ። የአጎትን 200 ዶላር ዝም ብላችሁ 200 ብላችሁ ካስገባችሁት 200 ብር ሆኖ ይነበባል።

ስምም አለ። መሐመድ፣ አብዱራህማን፣ ዩሱፍ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋሉ? ፓስፖርቱ አንድ፣ ትራንስክሪፕቱ ሌላ፣ ፋይዳው ሦስተኛ ሲሆን ሰነዱ የሌላ ሰው ይመስላል። ቀድማችሁ ፓስፖርት አውጡ፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር አስማሙ።

ግሪን ካርድ ላለው

ድሬና ሐረር ውስጥ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሄደ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ሒሳቡ ሌላ ነው። ፋፍሳ ነጻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ ይከፈታል። ፔል የሚባለው የፌዴራል መንግሥት እርዳታ ትልቁ መጠን በፈረንጆቹ 2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር፤ ይህ ገንዘብ አይመለስም። ብድርም አለ፤ በወላጅ ሥር ያለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እስከ 5,500 ዶላር መበደር ይችላል። ብድሩን እንደ ስጦታ አትቁጠሩት።

እዚህ ያሉ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ልጁ አሜሪካ፣ እናት ድሬ ብትሆንም የእናት ገቢ ይጠየቃል። ወላጅ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ፋፍሳ ላይ የራሱን አካውንት ከፍቶ መፈረም ይችላል። ገቢው ወደ ዶላር የሚለወጠው ቅጹ በሚሞላበት ቀን ምንዛሪ ነው። ወላጆች የተለያዩ ከሆነ ፋፍሳ የሚጠይቀው ልጁን በገንዘብ የበለጠ የሚረዳውን ወላጅ ነው። ሲኤስኤስ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚያድጉ የእህት ልጆችም ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን ቤተሰቡ የሚችል ከሆነ በቤተሰብ ቁጥር ይገባሉ። እኛ ጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አዲስ ለደረሰ ልጅ የእኔ ምርጫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ክፍያው ዝቅተኛ ስለሆነ የፔል ገንዘብ ብዙ ቦታ የትምህርቱን ይሸፍናል፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። አብዛኛው ክፍለ ግዛት ዝቅ ያለውን የነዋሪ ዋጋ የሚሰጠው አንድ ዓመት ለኖረ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደምታርፉ ከአጎት ቤት ስፋት ባሻገር በዚህም ተመልከቱት።

ታዲያ የቱን?

ውጤቱ ጥሩ ሆኖ የገቢ ወረቀት የሌለው ቤት ቱርክን ይያዝ፣ የመንግሥቱን ምደባ በመጠባበቂያ። ልጁ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆኖ እንግሊዝኛው ጠንካራ ከሆነ፣ ቤቱም ወረቀት ለማሰባሰብ ትዕግሥት ካለው አሜሪካ ይሞከር፤ ግን የጎደለውን ሁሉ በሚሞሉ ኮሌጆች ላይ ብቻ። ከፊል ቅናሽ ለሚሰጡት ማመልከት ዶላር የሚያወጣ ዘመድ ላለው ነው። ውጤቱ መካከለኛ ሆኖ ቤት የሚያግዝ ልጅ ዕውቅና ባለው የግል ኮሌጅ ማታ ቢማር አይከፋም፣ ማንም ምንም ቢል።

ደላላ አያስፈልግም። አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ ምክር የሚሰጠው በነጻ ነው። "ስኮላርሺፕ በእርግጠኝነት አስገኛለሁ" ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም።

ጊዜው ግን ይቀድማል። ውጤት ጠብቆ መጀመር አይሆንም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው፣ የአሜሪካና የቱርክ ማመልከቻ ግን ከዚያ ወራት በፊት ይዘጋል። 12ኛ ክፍል የገባ ልጅ መስከረም ላይ ፓስፖርቱን ይጀምር። ጥቅምት ላይ የገቢ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ያስተርጉም፣ መምህራኑን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቅ። የአሜሪካ መደበኛ ማመልከቻ ብዙው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ባሉት ቀናት ይዘጋል። ሃንጋሪ ጥር መጀመሪያ፣ ቱርክ የካቲት 13። የቱርክን በመጨረሻው ሌሊት አትተዉት፤ ያን ቀን መብራትና ኢንተርኔት አብረው ቢጠፉ ቀኑን የሚያራዝምላችሁ የለም።